በአማርኛ ኢሜይል ውስጥ መስመር የሚቆርጠው ማን ነው?

ጥያቄው፦ «በሰሜን አሜሪካ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። በየወሩ ለአባላት ማስታወቂያ በኢሜይል እልካለሁ። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፣ ተራ ጽሑፍ ነው። ሶፍትዌር የሚሠራው ልጄ ‹የኢሜይል ወጉ በ72 ፊደል ላይ መስመር መቁረጥ ነው› ስላለኝ በየመስመሩ መጨረሻ ኢንተር እመታ ነበር። አባላት ግን ስልክ ላይ ስንከፍተው ተቆራርጦ ለማንበብ አስቸገረን አሉ። ኢንተሩን ትቼ አንቀጹን ሳላቋርጥ ብልከው ደግሞ ጥቂት ሰዎች መሃል ላይ ፊደል ጠፍቶ የጥያቄ ምልክት መጣብን ይሉኛል። የምልከው ልጄ ፒኤችፒ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ በጻፈልኝ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ትክክሉ የትኛው ነው?»

መልሱን አስቀድሜ ልስጥዎት። አንቀጽ ውስጥ ኢንተር አይምቱ። በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል አንድ ባዶ መስመር ይተዉ፤ የቀረውን የአንባቢው ስልክ ይሥራው። የጥያቄ ምልክቱ ኢንተር በመተውዎ የመጣ ይመስላል፤ ማስተካከያው ግን ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ልጅዎ ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ቢነካ ያልቃል። ስለ 72 የነገረዎትም ውሸት አይደለም። እሱ በሚሠራበት ቦታ ዛሬም የሚከበር ወግ ነው። ለእድር ማስታወቂያ ግን አይሆንም።

ግራ የሚያጋባው «መስመር» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ማለታችን ነው። አንዱ አንባቢ በዓይኑ የሚያየው መስመር ነው። ሌላው አንዱ ሰርቨር (ኢሜይል ተቀብሎ የሚያሳልፍ ኮምፒውተር) ለሌላው ሰርቨር የሚያቀብለው መስመር ነው፤ ይህን ተራ አንባቢ አያየውም። የ72 ወግ የተሠራው ለመጀመሪያው ነው። የእርስዎ የጥያቄ ምልክት የመጣው ከሁለተኛው ነው። ሁለቱን ለያይተን ካየናቸው ነገሩ ይቀላል።

በመጀመሪያው ልጀምር። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው፣ መረጃ በቀዳዳ የሚያዝበት ካርድ 80 አምድ ነበረው። ኋላ የመጡት የኮምፒውተር ተርሚናሎችም (ስክሪንና ኪቦርድ ያላቸው መሣሪያዎች) ይህንኑ ስፋት ወረሱ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ታዋቂው ቪቲ100 ተርሚናል በአንድ መስመር 80 ፊደል፣ በአንድ ገጽ 24 መስመር ያሳይ ነበር። ኢሜይል ያደገው በእነዚህ ስክሪኖች ላይ ነው። ታዲያ ለምን 80 ሳይሆን 72? ሰው ሲመልስ የመጣለትን መልእክት ከፊቱ የ> ምልክት አድርጎ ይጠቅሳል። ምልክቱ ከነስፔሱ ሁለት ቦታ ይወስዳል። በ72 ላይ ከቆረጡ 8 ቦታ ይተርፋል፤ ስለዚህ መልስ ለመልስ እስከ አራት ዙር ቢጠቀስም መስመሩ ከስክሪኑ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1995 አርኤፍሲ (የኢንተርኔት ደንቦችና ምክሮች የሚወጡበት ተከታታይ ሰነድ) 1855 በሚል ቁጥር የወጣው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ ደግሞ ከዚህም ጠበቅ ያለ ነው። መስመር ከ65 ፊደል በታች ይሁን፣ መጨረሻውም ላይ ይቆረጥ ይላል።

መመሪያው ለዘመኑ ደግ መመሪያ ነበር። ሰው በሚጽፍበት ጊዜ ስለ አንባቢው ስክሪን እንዲያስብ ያስገድዳል። ግን ሲወጣ ኢሜይል የሚነበብበት ስልክ በሰው ኪስ አልነበረም። የኛ ፊደልም ገና ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር በሚያገኙበት ስምምነት) አልገባም ነበር፤ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ነው። ያኔ በኢሜይል የሚጻጻፍ አበሻ አብዛኛውን ጊዜ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነበር የሚጽፈው። ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት ከመጀመሪያውም አያስኬድም። «ሰላም» በላቲን ሲጻፍ 5 ፊደል ነው፣ በእኛ 3። የኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዟል፤ ቅርጹም ሰፊ ነው። 72 የአማርኛ ፊደል ብዙ ቃል የሚይዝ ረጅም መስመር ነው። የግድ በእጅ መቁረጥ ካለብዎት እኔ ከ50 እስከ 55 ባለው ላይ ቁረጡ እላለሁ።

አሁን አባላትዎ ስልክ ላይ ያዩትን እንመልከት። ለማሳየት እንዲመች መስመሩን አሳጥሬዋለሁ። እርስዎ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ጻፉ እንበል፦

የዚህ ወር ስብሰባ እሑድ በ9 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ ስለሚካሄድ አባላት
በሰዓቱ እንድትገኙ እናሳስባለን። ክፍያ የቀረባችሁ ለገንዘብ ያዡ በዕለቱ
መክፈል ትችላላችሁ።

የአባሉ ስልክ በአንድ መስመር 36 ፊደል ያህል ነው የሚይዘው። ስልኩ የእርስዎን ኢንተር ያከብራል፤ በዚያ ላይ የራሱን ይጨምራል። ውጤቱ ይሄ ነው፦

የዚህ ወር ስብሰባ እሑድ በ9 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ
ስለሚካሄድ አባላት
በሰዓቱ እንድትገኙ እናሳስባለን። ክፍያ የቀረባችሁ
ለገንዘብ ያዡ በዕለቱ
መክፈል ትችላላችሁ።

ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ዓይን በየመሃሉ ይሰናከላል። ስልኩ ጥፋት የለበትም። ኢንተር ሲመቱ «እዚህ ላይ የግድ ይቆረጥ» ብለው ነግረውታል፤ እሱም ታዟል። ዕድሜያቸው የገፋ አባላት ደግሞ ጽሑፉን አተልቀው ስለሚያነቡ የሚይዝላቸው 20 ፊደል ላይሞላ ይችላል። እነሱ ጋ ነገሩ ይብሳል። አንቀጹን ሳይቆርጡ ቢልኩት ግን እያንዳንዱ ስልክ በራሱ ስፋት ልክ ያጥፈዋል። ስልክም፣ ታብሌትም፣ ሰፊ የቢሮ ስክሪንም በየልካቸው ያሳዩታል።

ወደ ሁለተኛው መስመር እንለፍ። ዋናው ችግርዎ ያለው እዚህ ነው።

የኢሜይል ሰርቨሮች የሚነጋገሩበት ደንብ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ አንድ መስመር ከ1000 ምልክት በላይ እንዳይሆን ይከለክላል። ከነዚህ ሁለቱ የመስመር መጨረሻ ምልክቶች ስለሆኑ ለጽሑፉ የሚቀረው 998 ነው። ዛሬም የሚሠራበት አርኤፍሲ 5322 ይህንኑ 998 ግዴታ ያደርገዋል፤ 78 ደግሞ ምክር ነው ይላል። ልብ ይበሉ፣ በሰርቨሩ ዓይን የሚቆጠረው ባይት ነው፤ ባይት ኮምፒውተር ጽሑፍን የሚያስቀምጥበት ትንሽ መለኪያ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ የኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። 998ን ለሦስት ያካፍሉት፤ 332 ፊደል። በቃላት መካከል ያለው ስፔስ አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ግን 70 ቃል ገደማ ላይ ያልቃል። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ወሰኑን ለመንካት 160 ቃል ያህል የያዘ አንቀጽ ሳያቋርጥ መጻፍ አለበት። የእድር ማስታወቂያ አንቀጽ 70 ቃል ለመሙላት ምን ይቸግረዋል? ለዚህ ነው ይህ ችግር እንግሊዝኛ በሚጽፉ ሰዎች ዘንድ ብዙም የማይወራው።

ወሰኑ ሲታለፍ ምን ይሆናል? እንደ ሰርቨሩ ነው። አንዳንዱ እንዳለ ያሳልፈዋል። አንዳንዱ መልእክቱን አልቀበልም ይላል። ፖስትፊክስ የተባለው በብዛት የሚሠራበት የሰርቨር ሶፍትዌር መስመሩን ቆርጦ አዲስ መስመርና አንድ ስፔስ ያስገባል። የቀድሞው ሴንድሜይል ደግሞ የቃለ አጋኖ ምልክት አስገብቶ ይቆርጣል። ከየትም የመጣ «!» በዓረፍተ ነገር መሃል አይተው ከሆነ አንዱ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ቆራጩ የሚያየው ባይት ብቻ ነው። ፊደል የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አያውቅም። ሦስት ባይት ባለው ፊደል ላይ ሲደርስ በፊደሉ ውስጥ ሁለት የመቁረጫ ቦታ አለ፣ በፊደልና በፊደል መካከል ደግሞ አንድ። ስለዚህ ከሦስቱ ዕድል በሁለቱ ፊደሉን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀው ፊደል ፊደል መሆኑ ቀርቶ ትርጉም የሌላቸው ባይቶች ይሆናል። ስልኩም ማንበብ ሲያቅተው በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። በሦስተኛው ዕድል ግን ፊደሉ ይተርፍና መስመሩ ብቻ ይሰበራል፤ አባሉ ልብም ላይለው ይችላል። «ጥቂት ሰዎች» ብቻ ያማረሩት ለዚህ ነው። መልእክቱ ወደ እያንዳንዱ አባል በተለያየ ሰርቨር በኩል ይሄዳል። ፕሮግራሙ በአንቀጹ መጀመሪያ የአባሉን ስም የሚያስገባ ከሆነም የስሙ ርዝመት የመቁረጫውን ቦታ ከሰው ሰው ያዛውረዋል።

አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ዛሬ አብዛኛው ሰርቨር መልእክት ሲልክ ዲኪም የሚባል ዲጂታል ፊርማ ያኖርበታል። ፊርማው ከተደረገ በኋላ መንገድ ላይ ያለ ሰርቨር መስመር ቢቆርጥ የመልእክቱ አካል ስለተለወጠ ፊርማው አይሠራም። ተቀባዩም በጥርጣሬ ዓይን ያየዋል። ማስታወቂያው ስፓም ውስጥ ገባ የሚሉ አባላት ካሉ ይህንን ይፈትሹ።

መፍትሔው ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ኢንኮድ ማድረግ፣ ማለትም በተራ የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት መልሶ መጻፍ ነው። ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም በመንገድ ላይ ያለውን መስመር በ76 ላይ ይቆርጡታል፣ ሲደርስ ግን ጽሑፉ እንደ ነበረው ይገጣጠማል። አንደኛው ኮትድ ፕሪንተብል ይባላል። ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ ያለውን እያንዳንዱን ባይት በእኩል ይሆናል ምልክትና በሁለት አኃዝ ይተካዋል። ስለዚህ አንድዋ «ሰ» 9 ቦታ ትወስዳለች፤ በአንድ መስመር 8 የአማርኛ ፊደል ብቻ ይገባል። ሁለተኛው ቤዝ64 ነው። እሱ ሦስት ባይት በመጣ ቁጥር አራት ቦታ ይሰጣል። የኛ ፊደል ደግሞ ልክ ሦስት ባይት ናት! ስለዚህ በአንድ መስመር 19 ፊደል ይገባል። ለአማርኛ የሚመረጠው ያለ ጥርጥር ቤዝ64 ነው። ሰው አንዳንዴ ምስጢራዊ ኮድ ይመስለዋል፤ ምስጢር የለውም፣ ማንኛውም የኢሜይል ፕሮግራም ይፈታዋል።

ልጅዎ ፒኤችፒ ላይ የሚያደርገው ይህን ነው። ሙሉውን ጽሑፍ በቤዝ64 ኢንኮድ ያድርግና ቻንክ ስፕሊት በሚባለው ፈንክሽን ያሳልፈው። ፈንክሽኑ ምንም ሳይነገረው በ76 ላይ ይቆርጣል። ከዚያ ኮንቴንት ትራንስፈር ኢንኮዲንግ የሚለው ሄደር (ከመልእክቱ በላይ የሚሄድ መግለጫ መስመር) ቤዝ64 መሆኑን፣ ኮንቴንት ታይፕ የሚለው ደግሞ ተራ ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 መሆኑን ይናገር። አበቃ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ልጅዎ ሳይወድቅበት አልቀረም። የፒኤችፒ መመሪያ ራሱ «መስመር ከ70 አይብለጥ፣ ወርድራፕን ተጠቀሙ» ይላል። ወርድራፕ መስመር የሚቆርጥ ፈንክሽን ነው፤ የሚቆጥረው ግን ባይት ነው። በአማርኛ ላይ 70 ሲባል 25 ፊደል አካባቢ ይቆርጣል። አባላቱ የሚያዩት አምስት አምስት ቃል የተደረደረበት ቀጭን ጽሑፍ ይሆናል። ረጅም ቃልን መሃል ላይ ቁረጥ የሚለው አማራጭ ከበራ ደግሞ ፊደሉን ራሱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ወርድራፕን ከአማርኛ ጽሑፍ ያርቀው።

ፎርማት ፍሎውድ የሚባል ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአርኤፍሲ 3676 የተደነገገ። ሐሳቡ ደስ ይላል። መስመሩ በ72 ይቆረጣል፣ ነገር ግን መጨረሻው ላይ አንድ ስፔስ ይተዋል። ያቺ ስፔስ «ይህ ጊዜያዊ ቁርጥ ነው፣ ከፈለግህ ቀጥለው» ማለት ናት። የሚገባው ፕሮግራም መስመሮቹን ቀጥሎ በስክሪኑ ልክ ያሳያል፤ የማይገባው በ72 የተቆረጠውን እንዳለ ያሳያል። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም እንዲህ ያደርጋል። ጂሜይል ግን ሲቀበል ይህን ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አባላትዎ በብዛት ጂሜይል የሚጠቀሙ ከሆነ እዚያው የተቆራረጠ መስመር ላይ ይመለሳሉ። ስለዚህ ለእርስዎ አልመክርም።

አሁን ፕሮግራሙን ትተን ስለ አጻጻፋችን እንነጋገር። እዚህ ላይ እርስዎ ራስዎ የሚያስተካክሉት ነገር አለ። ብዙ ሰው ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ ይመታል፤ «እናሳስባለን ።» ብሎ። ለማሽን ስፔስ ማለት «እዚህ ማጠፍ ይቻላል» ማለት ነው። መስመሩ እዚያ ላይ ከሞላ አራት ነጥቡ ብቻውን ይወርዳል፦

አባላት በሰዓቱ እንድትገኙ እናሳስባለን
። ክፍያ የቀረባችሁ ለገንዘብ ያዡ

ይሄ ለዓይን በጣም ያስጠላል። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝም እንዲሁ ናቸው። ምልክቱን ከቃሉ ጋር ያጣብቁ፣ ስፔሱን ከምልክቱ በኋላ ይምቱ። «ዓ.ም.» ሲጽፉም መሃሉ ላይ ስፔስ አያስገቡ፤ «ዓ.» አንድ መስመር ላይ ቀርቶ «ም.» ሌላ መስመር ላይ ይወርዳል።

በጥንቱ ወግ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ የሚያደርጉ አባቶችም አሉ። ወጉ ያምራል፤ ግን ከሁለት ነጥቡ በኋላ ስፔስ ካልመቱ ብዙ የቆዩ የኢሜይል መሣሪያዎች ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ እንደ አንድ ቃል ያዩታል። ዩኒኮድ ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር ማጠፍ እንደሚቻል ይደነግጋል፤ ያንን የሚያከብሩት ግን ሁሉም አይደሉም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ቃሉን የትም ላይ ቆርጠው ወደ ቀጣዩ መስመር ይሻገሩ ነበር። ቃሉ የት እንደሚያልቅ ሁለት ነጥቡ ስለሚናገር ሰረዝ እንኳን አያሻቸውም።

ኢንተር የሚያስፈልግበት ቦታም አለ፤ ጨርሶ ይጥፋ አላልኩም። የስብሰባ አጀንዳ፣ የአዳራሹ አድራሻ፣ የስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ እነዚህ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አጭር መስመር ላይ ይቀመጡ። የሒሳብ ቁጥር አንቀጽ ውስጥ ከገባ ለሁለት መስመር ሊከፈልና ገልብጦ የሚያስገባው ሰው ግማሹን ሊረሳ ይችላል። ሊንክም እንዲሁ ለብቻው መስመር ይሰጠው፤ ረጅም ቢሆንም በፍጹም በእጅ አይቆረጥ። የተቆረጠ ሊንክ ሲነካ አይከፍትም። የአባላትን ስምና ክፍያ ግን በስፔስ እየገፉ በሰንጠረዥ መልክ ለማስተካከል አይሞክሩ። በእርስዎ ስክሪን ላይ ቀጥ ያለው አምድ በሌላው ስክሪን ላይ ይዘባረቃል፤ ፊደሎቻችን ስፋታቸው እኩል አይደለም። ስም፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ ከሰረዝ፣ ከዚያ ገንዘቡ፣ አንድ ሰው በአንድ መስመር። ይበቃል።

የልጅዎን ነገርም ላንሣ። ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት በሆነ (ኦፕን ሶርስ) ፕሮጀክቶች ውስጥ፣ በተለይ የሊነክስ ከርነል (የሊነክስ ሥርዓት እምብርት) አካባቢ፣ ሥራው የሚካሄደው በተራ ጽሑፍ ኢሜይል ነው። እዚያ ሰዎች የሚያነቡት በሰፊ ስክሪን፣ ስፋቱ እኩል በሆነ ፊደል ነው። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ በየመስመሩ እየጠቀሰ መሃል መሃሉ ላይ ይመልሳል። አንቀጹ አንድ ረጅም መስመር ከሆነ የቱ ላይ እንደሚመለስ ያስቸግራል። ስለዚህ የከርነሉ መመሪያ የማብራሪያ ጽሑፍ በ75 አምድ ይቆረጥ ይላል። ኮዱ ራሱ ግን ፈጽሞ መቆረጥ የለበትም፤ አንድ መስመር ከታጠፈ ፓቹ (የሚላከው የኮድ ለውጥ) አይሠራም። የጂሜይል ድረ ገጽ ለዚህ ሥራ የማይመከረውም መስመሩን በ78 ላይ ስለሚቆርጥና ታብን ወደ ስፔስ ስለሚለውጥ ነው። መልእክቱ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል እንኳን ካለ፣ ለምሳሌ ስሙን በአማርኛ ከፈረመ፣ ጂሜይል ሙሉውን ወደ ቤዝ64 ይለውጠዋል፤ ፓች ሲሆን ይህም አይወደድም። ልጅዎ ፓች ለመላክ የተሠራውን ጊት ሴንድ ኢሜይልን ይጠቀም። ለእርስዎ የሚበጀው ቤዝ64 ለእሱ የሚያስወቅስ ነው፤ የሁለታችሁም አንባቢ የተለያየ ነውና።

ልጅዎ ካስተካከለው በኋላ ለአባላት ሳትልኩ ሞክሩት። ሆን ብላችሁ ከ400 ፊደል በላይ የሆነ አንድ አንቀጽ፣ መሃሉ ላይ ምንም ኢንተር ሳይኖር፣ በተለያዩ ድርጅቶች ወደተከፈቱ የራሳችሁ አድራሻዎች ላኩ። አንዱን በስልክ ክፈቱት፣ የፊደሉን መጠን አተልቁት፣ አንብቡት። ጂሜይል ላይ በኮምፒውተር ከፍታችሁ ሦስቱን ነጥቦች ተጫኑና «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ምረጡ። ከሄደሮቹ በታች እኩል ርዝመት ያላቸው የላቲን ፊደልና ቁጥር መስመሮች ካያችሁ ቤዝ64 ሠርቷል፤ መጨረሻው መስመር ብቻ ሊያጥር ይችላል። አማርኛው ራሱ በአንድ ረጅም መስመር ተጽፎ ከታየ ግን ሄደሩ ወይም ኢንኮዲንጉ ገና አልተነካም፤ ያኔ የወሩን ማስታወቂያ ያቆዩት።